የማይዝገው ብረት የማን ነው?

የድሮ ቢላ ሎሚ ከተቆረጠበት ይጠቁራል። ሳይታጠብ ካደረ ደግሞ ጠዋት ቡናማ ዝገት ለብሶ ይገኛል። በእኛ አገር ቤት በአመድ እየተፈተገ ይጸዳ ነበር፤ በእንግሊዝ ሀብታሞች ቤት ደግሞ ዋና ሥራው ቢላ መወልወል የሆነ ልጅ ይቀጠር ነበር። ዛሬ ማንኪያውም፣ ሹካውም፣ የሐኪሙ መቀስም፣ የወተት ማጠራቀሚያውም ለዓመታት በውሃ ሲታጠቡ ኖረው ወዛቸው አይለወጥም።

ይህን ብረት ማን ፈጠረው ብሎ የሚጠይቅ ሰው በእንግሊዟ ሼፊልድ አንድ ስም ይነገረዋል። በጀርመኗ ኤሰን ሌላ፣ በአሜሪካዋ ኢንዲያና ደግሞ ሌላ። ሁሉም የሚያሳዩት ሰነድ አላቸው፤ ማናቸውም አልዋሹም። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማየት ታሪኩን ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀዩ ድንጋይ

በ1797 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ከሳይቤሪያ የመጣ ደማቅ ቀይ ማዕድን ሲመረምር እስከዚያ ድረስ የማይታወቅ ንጥረ ነገር አገኘ፤ በተከታዩ ዓመትም ብረቱን ለብቻው ለይቶ አወጣው። ውህዶቹ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ስለሆኑ፣ ስሙ ቀለም ከሚለው የግሪክ ቃል ተወስዶ ክሮሚየም ተባለ። ለረጅም ጊዜም በዋናነት የሚፈለገው ለቀለም መሥሪያነት ነበር።

በ1820ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ማይክል ፋራዴይ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ከቢላና ከቀዶ ሕክምና መሣሪያ ሠሪው ከጄምስ ስቶዳርት ጋር ሆኖ አረብ ብረትን ከልዩ ልዩ ማዕድናት ጋር እያቀለጠ ይሞክር ነበር። በኋላ በኤሌክትሪክ ምርምሩ ዓለም የሚያውቀው ፋራዴይ ያኔ የሚፈልገው የተሻለ የቢላ ብረት ነበር። በ1821 ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ፒየር ቤርቲየ ብረትን ከክሮሚየም ጋር አቀለጠና አንድ ነገር አስተዋለ፤ ክሮሚየሙ በበዛ ቁጥር ቅይጡን አሲድ ለመብላት ይቸገራል። ለቢላ ይሆናል ብሎም ሐሳብ አቀረበ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከ80 ዓመት በላይ ባለበት ቆመ። ምክንያቱ ካርቦን ነው። በዚያን ጊዜ ክሮሚየም የሚወጣው ማዕድኑን ከከሰል ጋር በማቅለጥ ስለነበር ቅይጡ በካርቦን የተሞላ ይሆናል። ካርቦን ደግሞ ክሮሚየምን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሁለቱ ተጣብቀው ጠጣር ቅንጣት ሲሠሩ በቀሪው ብረት ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚከላከል ክሮሚየም ያንሳል። ቅይጡም እንደ ሸክላ በቀላሉ ይሰበራል።

በ1872 ዉድስ እና ክላርክ የተባሉ ሁለት ሰዎች በብሪታንያ 30 በመቶ ያህል ክሮሚየምና ጥቂት ቱንግስተን ላለው፣ አየርና እርጥበት ለማይጎዳው ብረት የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ። ለገበያ የበቃ ነገር ግን አልወጣበትም። በ1892 ደግሞ የሼፊልዱ ሮበርት ሃድፊልድ፣ የማንጋኒዝ ብረትን በፓተንት አስመዝግቦ ዝና ያተረፈው ሰው፣ ክሮሚየም ያላቸውን ብረቶች መርምሮ ክሮሚየም ለዝገት መከላከያ አይበጅም ሲል ደመደመ። የሞከረው በ50 በመቶ የሰልፈሪክ አሲድ ነበር። ይህ አሲድ የዛሬውንም የማይዝግ ብረት ክፉኛ ያጠቃል። የሞከራቸው ብረቶችም ካርቦን የበዛባቸው ነበሩ። ሃድፊልድ የተከበረ ሰው ስለነበር ቃሉ ተሰማ፤ ብዙዎችም መንገዱን ተዉት።

በሩን የከፈተው ሌላ ፓተንት ነው። በ1895 ኤሰን ውስጥ ሃንስ ጎልድሽሚት የአሉሚኒየም ዱቄትን ከብረት ኦክሳይድ ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል ንጹሕ ብረት የሚያወጣበትን ዘዴ አስመዘገበ። አሉሚኒየም ኦክስጅንን ከሌላው ብረት ላይ ይነጥቃል፤ ከሰል አያስፈልግም፤ ስለዚህ የሚወጣው ክሮሚየም ካርቦን የለበትም ማለት ይቻላል። የባቡር ሐዲድ ለመበየድ እስከ ዛሬ የሚያገለግለውም ይኸው ዘዴ ነው።

ያዩትና ያለፉት

ንጹሕ ክሮሚየም በእጅ ሲገባ ምርምሩ ፈጠነ። ከ1904 ጀምሮ ፈረንሳዊው ሌዮን ጊየ ካርቦናቸው ዝቅተኛ የሆኑ የብረትና የክሮሚየም ቅይጦችን፣ ኒኬል የተጨመረባቸውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ አጠና። በሰንጠረዦቹ ውስጥ ከሰፈሩት አንዳንዶቹ ዛሬ የማይዝግ ብረት የምንላቸው ናቸው። ጊየ ጥንካሬያቸውን ለካ፣ የውስጥ አወቃቀራቸውን በማይክሮስኮፕ አየ፣ ሁሉንም በጥንቃቄ ጽፎ አሳተመ። አለመዛጋቸውን ግን አላነሳም።

ነገሩን በሳይንስ የፈታው ፊሊፕ ሞናርትዝ ነው። ጀርመን አኸን ከተማ ከመምህሩ ከዊልሄልም ቦርኸርስ ጋር ሆኖ፣ ክሮሚየም ከ10 በመቶ አልፎ ወደ 12 በመቶ ሲጠጋ የብረቱ ጠባይ በአንድ ጊዜ እንደሚለወጥ አሳየ፤ ካርቦን ዝቅ ማለት እንዳለበትም አስረዳ። ውጤቱ በ1911 ታተመ። ሁለቱ ለአንድ አሲድ የማይበላው ቅይጥም ፓተንት አወጡ።

ዛሬ ምክንያቱን ጠንቅቀን እናውቃለን። ብረት ከኦክስጅንና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ዝገት ልልና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃው በውስጡ እያለፈ አዲስ ብረት ይበላል። ዝገቱ ይረግፋል፣ ሌላ ብረት ይጋለጣል፣ መብላቱም ይቀጥላል። ክሮሚየም በበቂ መጠን ካለ ግን ያው ኦክስጅን በብረቱ ገጽ ላይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም፣ ነገር ግን ጥብቅ ነው። ቢጫር አየር ባለበት ራሱን ይጠግናል። ብረቱ የሚጠበቀው በጠላቱ በኦክስጅን ነው ማለት ነው።

ኤሰን፣ 1912

ኤሰን የክሩፕ ኩባንያ ከተማ ነበረች፤ መድፍ፣ የባቡር ጎማና የመርከብ ብረት የሚወጣባት። በኩባንያው ቤተ ሙከራ ቤኖ ስትራውስ የምድጃን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ የሚከላከልበት፣ እሳትን የሚችል ቱቦ ይፈልግ ነበር። ባልደረባው ኤድዋርድ ማውረር ቀደም ሲል የተሠሩ የክሮሚየምና የኒኬል ቅይጥ ናሙናዎችን ሲያይ፣ በቤተ ሙከራው አየርና በአሲድ እንፋሎት መካከል ለብዙ ጊዜ ተጥለው ሳይዝጉ መቆየታቸውን አስተዋለ።

ክሩፕ አልዘገየም። በ1912 ጥቅምትና ታኅሣሥ ወር ላይ ሁለት የፓተንት ማመልከቻዎች ገቡ። ማመልከቻዎቹ የገቡት ግን በስትራውስም በማውረርም ስም ሳይሆን በኩባንያው ሠራተኛ በክሌመንስ ፓዘል ስም ነው። በአንድ ግንብ ውስጥ ሲሠሩ ከነበሩት ከሁለቱ ተመራማሪዎች ማን ቀደመ የሚለው ክርክርም ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ አልበረደም።

ከሁለቱ ቅይጦች ይበልጥ የታወቀው 20 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 7 በመቶ ያህል ኒኬል ያለው ቪ2ኤ የተባለው ነው። ኒኬሉ የብረቱን የውስጥ አደራደር ስለሚለውጠው ብረቱ ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል፣ ማግኔትም ብዙ አይስበውም። ናይትሪክ አሲድን ስለሚችልም ማዳበሪያና ፈንጂ የሚያመርቱ የኬሚካል ፋብሪካዎች ወዲያው ፈለጉት።

የጠርሙስ አጣቢው ልጅ

አሁን ወደ ሼፊልድ እንሂድ። ሃሪ ብሬርሊ በ1871 ጢስ በሞላበት በዚህ ከተማ፣ ከብዙ ልጆች ጋር በጠባብ ቤት ከሚኖር የብረት አቅላጭ ተወለደ። በ12 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አባቱ ወደሚሠራበት ወደ ቶማስ ፈርዝ ፋብሪካ ገባ፤ በቤተ ሙከራውም ጠርሙስ አጣቢ ሆነ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ልጁ ጠያቂ መሆኑን አይቶ ሒሳብና ኬሚስትሪ እንዲማር ገፋፋው። ብሬርሊ ቀን ሠርቶ ማታ ተማረ፤ በ1902 ስለ ብረት ምርመራ ከጓደኛው ጋር መጽሐፍ አሳተመ። በ1904 ያኔ የሩሲያ ግዛት ወደነበረችው ሪጋ ሄዶ በብረት ፋብሪካ ሠራ። በ1908፣ ሁለቱ የሼፊልድ ኩባንያዎች ፈርዝ እና ጆን ብራውን የጋራ የምርምር ተቋም ሲያቋቁሙ የሚመራው እሱ ሆነ። ዲግሪ አልነበረውም፤ ብረት ያውቅ ነበር።

በ1912 አንድ ችግር ቀረበለት። በኤንፊልድ የሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሚሠራቸው ጠመንጃዎች፣ ጥይቱ ሲወጣ በሚፈጠረው ትኩስ ጋዝ የውስጥ ቱቧቸው ቶሎ ይበላል። ብሬርሊ ክሮሚየም ያለው ብረት በከፍተኛ ሙቀት እንደሚቀልጥ ስለሚያውቅ በልዩ ልዩ መጠን ይሞክር ጀመር። ዝገት በሐሳቡ አልነበረም።

በ1913 ነሐሴ 13 ቀን 12.8 በመቶ ክሮሚየምና 0.24 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ተቀለጠ። እንደ ሥራው ልማድ የብረቱን ውስጣዊ መልክ በማይክሮስኮፕ ለማየት ገጹን አለስልሶ በደካማ ናይትሪክ አሲድ መንካት ያስፈልጋል፤ አሲዱ ሲበላው ቅርጹ ይወጣል። ይህ ብረት ግን እንደሚጠበቀው አልበላ አለ። ለማይክሮስኮፕ ሠራተኛ ይህ የሚያናድድ እንቅፋት ነው። ብሬርሊ ግን ልማዱን ትቶ እንቅፋቱን ራሱን መመርመር ጀመረ። ኮምጣጤ ሞከረ፤ ሎሚ ሞከረ፤ ብረቱ አልጠቆረም።

ሼፊልድ በአውሮፓ የቢላ መዲና ነበረች። ብሬርሊ በዚህ ከተማ ስላደገ ኮምጣጤና ሎሚ ለአንድ ቢላ ምን ማለት እንደሆኑ ይነገረው ዘንድ አያስፈልገውም። ጊየ ያላየውን ያየው ለዚህ ይመስለኛል። የፓሪሱ ምሁር ብረቱን በሰንጠረዥ ውስጥ አስቀመጠው፤ የሼፊልዱ ልጅ ደግሞ በምግብ ጠረጴዛ ላይ።

የማይቆርጥ ቢላ

ኤንፊልድ አዲሱን ብረት አልፈለገውም። ብሬርሊ ለአለቆቹ ለቢላ እንደሚሆን ደጋግሞ ጻፈ፤ ሰሚ አላገኘም። ኩባንያው የሚያስበው ስለ መድፍና ስለ መርከብ እንጂ ስለ ማዕድ ቤት አልነበረም። ወደ ቢላ ሠሪዎች ራሱ ወሰደው። እነሱም ብረቱን በለመዱት ሙቀት ቀጥቅጠው፣ በለመዱት ሙቀት አግለው ነከሩት፤ ቢላው አልሳል አለ። አዲሱ ብረት ከድሮው በጣም ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህን ለማመን ግን ያዳግታቸው ነበር፤ በአባቶቻቸው ዘመን ብረትን አብዝቶ ማጋል ማበላሸት ነውና። በከተማው ብሬርሊ የማይቆርጥ ቢላ ፈጣሪ ተብሎ ተቀለደበት።

በ1914 ከሞዝሊ የቢላ ፋብሪካ ኃላፊ ከኧርነስት ስቱዋርት ጋር ተገናኘ። ስቱዋርት መጀመሪያ አላመነም፤ ለአንድ ቢላ የማይዝግ መሆን ጥቅም እንደሌለው ሁሉ ተናገረ። ከዚያ ግን ናሙናውን ወስዶ በኮምጣጤ ሞከረውና ሐሳቡን ለወጠ። ሁለት ጊዜ ቀጥቅጦ አበላሸ፤ በሦስተኛው የሙቀቱን ልክ አገኘው። ብረቱንም እድፍ የማይይዘው ብሎ ሰየመው፤ ስቴንለስ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከእሱ አፍ የወጣ ነው።

የወረቀት ጦርነት

አሁን ጥያቄው የመብት ሆነ። ብሬርሊ የተስማማነው ውጤቱን እኩል ልንካፈል ነው አለ፤ ኩባንያው ደግሞ በእኛ ምድጃ በእኛ ደመወዝ የተሠራ የእኛ ነው አለ። በ1915 ብሬርሊ ተቋሙን ለቆ ወደ ሌላ የሼፊልድ ፋብሪካ ሄደ። በብሪታንያ ቅይጡ በጊዜው ፓተንት ሳይወጣለት ቀርቶ ነበር። በአሜሪካ ግን ብሬርሊ አመለከተ፤ በ1916 መስከረም 5 ቀንም ከ9 እስከ 16 በመቶ ክሮሚየምና ከ0.7 በመቶ ያነሰ ካርቦን ላለው ብረት ፓተንት ተሰጠው።

በዚህ ጊዜ በኢንዲያና ግዛት ኮኮሞ ከተማ ሌላ ሰው ተቃወመ። ኤልውድ ሄንስ በ1894 በራሱ የነደፋትን መኪና ከከተማው ወጣ ባለ መንገድ የነዳ፣ በአሜሪካ ከቀደሙት የመኪና ሠሪዎች አንዱ ነበር። በ1907 የክሮሚየምና የኮባልት ቅይጥ አስመዝግቧል፤ ስቴላይት ብሎ የሰየመው ይህ ቅይጥ ለብረት መቁረጫ መሣሪያ ተፈላጊ ነበር። ከብሬርሊ ተነጥሎ ክሮሚየም ያለበትን ብረትም ሲሞክር ቆይቷል። የእሱን ማመልከቻ መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ውድቅ አድርጎት ነበር፤ ሄንስ አልተወም፤ በ1919 ሚያዝያ 1 ቀን እሱም ፓተንት አገኘ።

ሁለቱ ወገኖች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ቢካሰሱ ኖሮ ሁለቱም ፓተንት ሊፈርስ ይችል ነበር፤ ቤርቲየ፣ ዉድስና ክላርክ፣ ጊየ፣ ሞናርትዝ ሁሉም በመዝገብ አሉና። የመረጡት መስማማትን ነው። በብሪታንያ በ1917 ፈርዝና ብሬርሊ ታርቀው የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። ብሬርሊ ከማኅበሩ ጥቅም ይልቅ አንድ ነገር ላይ ጠንካራ ነበር፤ ቢላው ላይ ስሙ ከፈርዝ ስም ጎን እንዲታተም። በ1918 ደግሞ በፒትስበርግ የአሜሪካ ስቴንለስ ስቲል ኩባንያ ተመሠረተ፤ የሄንስንም የብሬርሊንም መብት በአንድ ጣሪያ ሥር አስገብቶ ለብረት ፋብሪካዎች በክፍያ ፈቃድ ይሰጥ ነበር።

ከቢላ ወደ ሕንጻ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ክሮሚየሙን ለጦር ሥራ ስላዞረችው ቢላ መሥራቱ ቆመ፤ ብረቱ የአውሮፕላን ሞተር ቫልቭ ሆነ። በ1920 ብሬርሊ የብረት ባለሙያዎች ከፍተኛ ክብር የሆነውን የቤሰመር የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበለ። እሱ የለቀቀውን ቤተ ሙከራ የተረከበው ዊልያም ሃትፊልድ በ1924 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለውን ቅይጥ አወጣ። ከክሩፕ ቪ2ኤ ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነው ይህ 18 በ8 ዛሬም በማንኪያ ጀርባ ላይ ታትሞ የሚገኝ ቁጥር ነው። በ1930 በኒው ዮርክ የተጠናቀቀው 319 ሜትር የሚረዝመው የክራይስለር ሕንጻ አናቱን የለበሰው የክሩፕ ዓይነት ቅይጥ ነው፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የታጠበው ጥቂት ጊዜ ብቻ ሆኖ እስከ አሁን ያበራል።

ዋጋው ለሁሉም ኪስ የወረደው ግን ሌላ ፈጠራ ሲጨመር ነው። በ1954 አሜሪካዊው ዊልያም ክሪቭስኪ በዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ ሲመራመር፣ በቀለጠው ብረት ውስጥ ኦክስጅንን ከአርጎን ጋዝ ጋር ቢነፋ ካርቦኑ ተቃጥሎ እንደሚወጣ፣ ውዱ ክሮሚየም ግን እንደሚተርፍ ተገነዘበ። ዘዴው በፋብሪካ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በ1968 ነው። ቤርቲየን ያቆመው የካርቦን ችግር ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ በርካሽ ተፈታ። ዛሬ ዓለም በዓመት ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ የማይዝግ ብረት ያመርታል።

እንግዲህ የማን ነው? ፓተንት ጠቃሚ ነገር ነው። ባይኖር ኖሮ ክሩፕም ጎልድሽሚትም ለምርምር ያን ያህል ገንዘብ ባላወጡ፣ ሄንስም ምስጢሩን ይዞ በተቀመጠ ነበር። ነገር ግን ፓተንት የሚመዘግበው የመጨረሻዋን እርምጃ ነው። ቮክላን ድንጋዩን ባይፈታ፣ ጎልድሽሚት ካርቦኑን ባያስወግድ፣ ሞናርትዝ ልኩን ባያሳይ፣ ያቺ እርምጃ የምትቆምበት መሬት አልነበራትም። ሃድፊልድን የመሰለ ሊቅ የተሳሳተበትን ነገር ደግሞ የጠርሙስ አጣቢ ልጅ አገኘው፤ ያገኘውም አሲዱ አልሠራም ብሎ ናሙናውን ስላልጣለው ነው።

ብሬርሊ በ1948 አረፈ። ስሙ እንዲታተም የታገለለት ማኅተም ዛሬ ከገበያ ጠፍቷል፤ ከማዕድ ቤትህ አንድ ቢላ አንሥተህ ብታገላብጥ የእሱም፣ የሄንስም፣ የማውረርም ስም አይገኝበትም። የምታገኘው አንድ ቃል ነው፤ ስቴንለስ። ፓተንት ሳይኖረው፣ ሁለት ጊዜ አበላሽቶ በሦስተኛው የተሳካለት ቢላ ሠሪ፣ ኧርነስት ስቱዋርት፣ ኮምጣጤ ነክቶት ያልጠቆረ ብረት ይዞ የተናገረው ቃል።